የጣውላ ቀፎ ለጀማሪ፦ አናጢ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ያዙ

የመጀመሪያ ቀፎዬን ያሰራሁት እዚሁ ጅማ ቁም ሳጥንና አልጋ የሚሰራ አናጢ ጋ ነው። ሰውዬው እጁ ወርቅ ነው፣ ጅማ ደግሞ በበርጩማ የታወቀች አገር ናት፣ እንጨት ለሚያውቅ ሰው አንድ ሳጥን ምን ይከብደዋል ብዬ ሄጄ ከስልኬ ላይ ፎቶ አሳየሁትና «ይሄን የመሰለ ስራልኝ» አልኩት፣ በሳምንቱ ሰርቶ ሰጠኝ፣ ጥግ ጥጉ የተላገ፣ ቫርኒሽ ሁላ የተቀባ የሚያምር ነገር። ንቡ ገባልኝ፣ ተቀመጠልኝ፣ ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ከፍቼ ልይ ብል ፍሬሙ፣ ማለትም ንቡ የማር እንጀራውን የሚሰራበት ተነቃይ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት፣ አልነቃነቅ አለ። በመሮ ፈልቀቅ አድርጌ ስስበው የላይኛው እንጨት ብቻውን ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ ታችኛው ከነማሩ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋ ተጣብቆ ተቀደደ፣ እጩ ተበጣጠሰ፣ ንቡ በአንዴ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ የዛን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ጎረቤቶቼ እስካሁን ቡና ላይ ያነሱታል።

ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የአናጢው አይደለም። ፎቶ ላይ ሚሊሜትር አይታይማ! ስለዚህ ቀፎ ልታሰሩ ወይ ልትገዙ ያሰባችሁ ጀማሪዎች ሌላው ሁሉ ቢቀር ቁጥሮቹን ያዙ፣ ቀለሙና ውበቱ በኋላ ይደርሳል።

እስቲ መጀመሪያ የትኛው ቀፎ የሚለውን እንጨርስ። ጌራና በለጠ ጫካ በኩል የሄደ ሰው ረጅም ዛፍ ላይ የተጋደመውን ድብልብል ቀፎ አይቷል፣ በኦሮምኛ ጋጉራ የሚሉትን። እሱ ወጪው ትንሽ ነው፣ ንቡም ይወደዋል፣ ችግሩ ዛፍ መውጣቱና ማር ስትቆርጡ እጩንም አብራችሁ መቁረጣችሁ ነው። ሁለተኛው የሽግግር ቀፎ ነው፣ ጎኑ ወደ ታች ጠበብ እያለ የሚሄድ፣ ከላይ የተደረደሩ ጠፍጣፋ እንጨቶች ያሉት፣ ንቡ እንጨቱ ስር የማር እንጀራውን ራሱ አንጠልጥሎ የሚሰራበት። እሱን ከጣውላም ትሰሩታላችሁ፣ ከጨፈቃም ሰርታችሁ በጭቃና በእበት ትመርጉታላችሁ። ሦስተኛው ሰው ሁሉ «ዘመናዊ» የሚለው ባለ ፍሬም የሳጥን ቀፎ ነው።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ ብር ጠበብ ካለና ማር ማጣሪያ ማሽን የሚያውስ ሰው በአቅራቢያችሁ ከሌለ በሽግግር ጀምሩ። እዛ ቀፎ ላይ ልኬቱ ወሳኝ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የላይኛው እንጨት ስፋት 32 ሚሊ መሆን አለበት። 35 አርጋችሁ ከሰራችሁት ለአውሮፓ ንብ ነው የሰራችሁት፣ የኛ ንብ በአካል አነስ ያለች ስለሆነች እንጀራዋን ቀረብ ቀረብ አድርጋ ነው የምትሰራው፣ እንጨቱ ከሰፋ ከአራት አምስት እንጀራ በኋላ መስመሩን ስታ ሁለቱን እንጨት አንድ ላይ ሰፍታ ትጠብቃችኋለች። ከዛ አንዱን ስታነሱ ሌላው ይከተላል። በቃ ስለ ሽግግር ይሄ ይበቃል፣ ከዚህ በታች የማወራው ስለ ሳጥኑ ነው፣ ሰው ብዙ ብር አውጥቶ የሚበላሽበት እሱ ነው።

የሳጥን ቀፎ ሚስጥሩ ክፍተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ላንግስትሮዝ የሚባል ቄስ በ1852 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ነገር ሳጥኑ አይደለም፣ ሳጥን ድሮም ነበረ፣ እሱ ያስተዋለው ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ አካባቢ ክፍተት ካገኘች መንገድ አርጋ እንደምትተወው ነው። ከዛ ከጠበበ በሙጫ (ፕሮፖሊስ የሚባለው) ትደፍነዋለች፣ ከሰፋ ደግሞ ቦታ ተርፏል ብላ እንጀራ ትሰራበታለች። ፍሬሙ በሁሉም ጎኑ፣ በግራ በቀኝ ከላይ ከታች፣ ይሄ ክፍተት ካለው እድሜ ልኩን በሁለት ጣት ይነሳል። ከሌለው ያየሁትን ታያላችሁ።

አሁን ቁጥር። የላንግስትሮዝ ፍሬም ጎን ለጎን ስፋቱ 448 ሚሊ፣ ቁመቱ 232 ሚሊ ነው፣ የላይኛው እንጨት ግን ጆሮ ስላለው 482 ይደርሳል። ሳጥኑ በውስጥ በኩል ርዝመቱ 465 ነው። 465 ሲቀነስ 448፣ 17፣ ለሁለት ሲካፈል 8.5 ሚሊ በየጎኑ፣ ይኸው የንቡ መንገድ። የሳጥኑ ቁመት 240 ቢሆን 232 ስትቀንሱ 8 ሚሊ ይተርፋል፣ እሱ ደግሞ ላይ ባለው ሳጥን ፍሬምና ታች ባለው ሳጥን ፍሬም መሀል ያለው ክፍተት ነው። የውስጡ ወርድ 372 አካባቢ፣ 10 ፍሬም ይይዛል። ፍሬሙ የሚያርፍበት ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የሚቆረጠው እርከን ወደ 10 ሚሊ ወርድና 16 ሚሊ ጥልቀት አለው፣ የፍሬሙ ጆሮ 10 ሚሊ ውፍረት ካለው 6 ሚሊ ከሳጥኑ አፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው፣ ክዳኑም አይነካውም።

ልብ በሉ፣ ያልኳችሁ ሁሉ የውስጥ ልኬት ነው። አናጢ ደግሞ ልማዱ የውጭ ልኬት ነው። እናንተ 2 ሳንቲ ውፍረት ባለው ጣውላ አስባችሁ የውጭውን ብትነግሩትና እሱ ባለ 2.5 ጣውላ ቢያገኝ፣ በየጎኑ 5 ሚሊ ከውስጥ ተበላ፣ 8.5 የነበረው መንገድ 3.5 ሆነ፣ ንቡ ደፈነው። የኔ የመጀመሪያ ቀፎ ላይም ክፍተቱ እንዲሁ ጠቦ ነበር፣ በኋላ ለክቼ ነው የገባኝ። «የውስጡን ጠብቅልኝ፣ ውጩ እንደፈለገ ይሁን» በሉት።

ሁለተኛው ስህተቴ ደግሞ ይሄን ይመስላል። ያንን ቀፎ አስጠግኜ አዲስ ፍሬም ደግሞ ከሱቅ ገዛሁ፣ ሻጩ «የዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ነው» አለኝ፣ አስገባሁት፣ ጆሮው እርከኑ ላይ ልክ አርፎ ቁጭ አለ፣ በቃ ልኬ ነው አልኩ። ለካ ዛንደር የሚባለው የሌላ ዓይነት ቀፎ ፍሬም ኖሯል! እኛ አገር ሁለቱም አለ፣ የፍሬም ቀፎ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ዛንደርም ላንግስትሮዝም ጎን ለጎን ተሰራጭተዋል፣ ገበሬው ጋ ስትሄዱ ሁለቱን በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው። የዛንደር ፍሬም 420 በ220 ነው፣ የላይኛው እንጨት ግን 477 ሚሊ ነው፣ ከላንግስትሮዙ 482 ጋር ያለው ልዩነት 5 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ሳጥኑ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ዓይን አይለየውም። ስር ስትገቡ ግን በየጎኑ ከ22 ሚሊ በላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ከታች ደግሞ 20 ሚሊ። ንቧ እዛ ውስጥ ሙሉ ተጨማሪ እንጀራ ሰርታ ከግድግዳው ጋ ሰፋችው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ፣ ዛንደር ከሆነ ዛንደር፣ ላንግስትሮዝ ከሆነ ላንግስትሮዝ፣ ሁለቱም ንብ ያኖራሉ፣ አታደባልቁ ብቻ። በአካባቢያችሁ የሚያውቃችሁ ሰው የያዘውን መያዝ ጥሩ ነው፣ እጭ ያለበት ፍሬም ሲቸግራችሁ ከሱ ቀፎ ታመጣላችሁ፣ የማጣሪያ ማሽኑም ይገጥማል።

እንጨት። ዋንዛ ውብ ነው አውቃለሁ፣ ግን ዋንዛ ለኔ ቀፎ ከሚሆን አበባውን ለንቡ ቢያበቅል ይሻላል፣ ዋጋውም አይቀመስም፣ ደግሞ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሀበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በሕግ የተከለከሉ ዛፎች ናቸው፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ። ለቀፎ የሚሆነው ግራቪሊያ ወይ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ይላጋል፣ ሚስማር ሲመታበት አይሰነጠቅም ማለት ይቻላል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳል፣ ለእግሩ ተጠቀሙበት። ቺፑድ ጅማ ዝናብ ላይ አንድ ክረምት አይቆይም፣ እንደ ገንፎ ነው የሚያብጠው።

ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ግን ድርቀቱ ነው ጉዳዩ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ነው የሚቀንሰው። የቀፎው ቁመት ደግሞ የጣውላው ወርድ ነው። ከ240 ሚሊ ላይ 3 በመቶ እንኳ ቢቀንስ 7 ሚሊ ሄደ፣ መንገዱ 8 ሚሊ ነበር፣ ቀረ 1 ሚሊ። ሳጥኑ አናጢው ቤት ልክ ነበር፣ እናንተ ቤት ደርሶ ደርቆ ሁለት ሳጥን ሲደረብ የላዩ ፍሬም የታቹ ላይ ይተኛል፣ ንቡ በሙጫ ያያይዘዋል፣ የላዩን ሳጥን ስታነሱ የታቹ ፍሬም አብሮ ይነሳል። እርጥብ ጣውላ ገዝቶ ለአናጢ መስጠት ማለት ይሄ ነው።

እና ጊዜው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ጣውላውን ኅዳር ላይ ግዙ፣ ሐሙስ ገበያ ወጣ ብላችሁ ጠይቁ ዋጋውንም ታወዳድራላችሁ፣ ከዛ ቤት ውስጥ ወይ ጥላ ስር ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እየገባ ደርድሩት፣ ጅማ ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ነፋስ ይግባበት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት እንዳይጣመም። ጥር ላይ ይሰራ። የካቲትና መጋቢት ዝናቡ ጠብ ሲል ቡናው ነጭ ይለብሳል፣ ከሱ ቀጥሎ ጫካ በኩል ገተማ የሚባለው ዛፍ አበባ አለ፣ ነጩ ማር የሚመጣው ከሱ ነው፣ ያኔ ቀፎአችሁ ቆሞ መጠበቅ አለበት እንጂ አናጢ ቤት ወረፋ ላይ መሆን የለበትም። ያመለጠው ሰው ሁለተኛ እድሉ ከክረምት በኋላ መስከረም ጥቅምት ላይ ነው፣ ግን በዝናብ ወራት ጣውላ ማድረቅ ስቃይ ነው።

አናጢው ጋ ስትሄዱ ፎቶ ሳይሆን አንድ ትክክለኛ ፍሬም በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ተዋሱ፣ ለምኑ፣ ግዙ፣ ብቻ ፍሬም ይኑራችሁ። ፍሬሙ ተሰርቶ ሳጥኑ በሱ ዙሪያ ነው የሚሰራው። እኔ አሁን የማሰራው እዛው የመጀመሪያው ሰውዬ ጋ ነው፣ አንድ ፍሬሜን ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ሰቅሎታል፣ አጠገቡ 8 ሚሊ የሆነች ቁራጭ እንጨት በክር ታስራለች፣ ሰርቶ ሲጨርስ ቁራጯን በየጎኑ ያስገባታል፣ ሳትጨናነቅ ሳትወድቅ ካለፈች ጨርሷል። ከሜትር ትሻላለች፣ የሚያነብ ሰው አትፈልግም።

ማጋጠሚያው ላይ አትቆጥቡ። ጥጉ ዝም ብሎ ገጥ ለገጥ በሚስማር የተመታ ሳጥን ከሁለት ክረምት በኋላ አፉን ይከፍታል። ጣት ለጣት የሚጋጠመው ነው ጥሩው፣ እሱ ካልሆነ ቢያንስ አንዱ ጣውላ ተቆርጦ ሌላው እንዲገባበት ይሁን፣ ኮላ ይቀባ ከዛ ሚስማሩ ይከተል። ኮላው ሳይደርቅ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ለኩ፣ ሁለቱም ሰያፍ እኩል ካልሆነ ሳጥኑ ዘሟል፣ ያኔ ገፋ ስታረጉት ይስተካከላል፣ ነገ ግን አይስተካከልም።

ወለሉ ከሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ ይሁን፣ ለማጽዳት። ከፊት ለፊት 5 ሳንቲ ያህል ወጣ ቢል ንቧ ጽጌ (የአበባ ዱቄት) ጭና ስትመጣ ታርፍበታለች። መግቢያው ከፍታው ከ1 ሳንቲ አይለፍ፣ ከዛ ከበለጠ አይጥ ይገባል። ወርዱ ሙሉ ክፍት ይሁንና የሚገባና የሚወጣ አንድ ቀጠን ያለ እንጨት ይኑረው፣ ንቡ ትንሽ እያለ አንድ 8 ሳንቲ ብቻ ክፍት ትተዋላችሁ ራሱን እንዲጠብቅ፣ ሲበዛ ታወጡታላችሁ። ክዳኑ ሁለት ነው፣ የውስጡ ስስ፣ ኮምፔንሳቶም ይሆናል፣ የውጩ በላሜራ የተሸፈነ ሆኖ ሳጥኑን ዙሪያውን 4፣ 5 ሳንቲ ወርዶ የሚያቅፍ። ላሜራው ፀሐይ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ንቡን ያውካል፣ ላዩ ላይ ደረቅ ሣር ወይ ኮባ ጣል አርጉበትና ድንጋይ ጫኑ።

ንግሥት ማገጃ የሚባለውን፣ ንግሥቷ ወደ ማሩ ሳጥን እንዳታልፍ የሚከለክለውን ሽቦ፣ ሻጩ አብሮ ሊያሸክማችሁ ይሞክራል። የመጀመሪያ ዓመት አያስፈልጋችሁም፣ ተዉት፣ ብሩን ለጓንትና ለዓይነ ርግብ አርጉት። የኛ ንብ ቁጣዋ የታወቀ ነው፣ ዓይነ ርግቡ ፊታችሁን እንዳይነካ ሰፊ ባርኔጣ ይኑረው፣ ቦቲው ውስጥ ሱሪያችሁ ይግባ፣ ማጨሻው ደግሞ ትልቁን ምረጡ ትንሹ መሀል ላይ ይጠፋል። ለማጨሻው ደረቅ ኩበት ወይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል።

ፍሬም ወደ ማሰናዳት እንምጣ፣ ሰው የሚሰለችበት ግን ማታ ማታ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሰራ ደስ የሚል ስራ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ አራት አራት ቀዳዳ አለ። ቀጭን የማይዝግ ሽቦ በላይኛው አስገብታችሁ ወደዛ ወደዚህ እየመለሳችሁ አራቱንም ትሞላላችሁ፣ አንዱን ጫፍ ትንሽ ሚስማር ላይ ጠቅልላችሁ ትመታላችሁ፣ ሌላውን በፒንሳ ጠበቅ አርጋችሁ ትስባላችሁ። መጥበቁን በምን ታውቃላችሁ፣ በጣት ስትነኩት እንደ ክራር ድም ካለ ጠብቋል፣ ዝም ካለ ገና ነው። በጣም ከሳባችሁ ደግሞ የጎን እንጨቱ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ያ ማለት ያቺ 8.5 ሚሊ ተመልሳ ተበላሸች፣ ስለዚህ ስትስቡ መሀል ላይ ቁራጭ እንጨት ገትራችሁ ሳቡ።

የሰም አንሶላው፣ ንቡ እንጀራውን የሚጀምርበት ስስ ሰም፣ ሽቦው ላይ ይተኛል። በውሃ የረጠበ ጣውላ ከስሩ አድርጉ፣ አንሶላው፣ ከላዩ ፍሬሙ፣ ከዛ ሽቦውን ሞቅ አድርጋችሁ ሰሙ ውስጥ መክተት ነው። የሞተር ባትሪ ያለው ሁለቱን ጫፍ አንድ ሁለት ሰከንድ ያስነካዋል፣ ከዛ ካለፈ ሽቦው አንሶላውን እንደ ቢላ ቆርጦት ይወጣል፣ እኔ አራት አንሶላ እንደዛ ፈጅቻለሁ። ባትሪ የሌለው የማንኪያ ጀርባ ከሰል ላይ አግሎ ሽቦውን እየተከተለ ጫን ጫን ያርግ፣ ቀስ ይላል ግን አያበላሽም። ሰሙን ስትገዙ አሽትቱት፣ የማር ሽታ ከሌለውና እንደ ሻማ ከሆነ የሻማ ሰም ተቀላቅሎበታል፣ እንዲህ ያለው ሙቀት ላይ ይልመጠመጣል፣ ንቡም በደስታ አይሰራበትም። ሰም ካነሳችሁ ሙሉ አንሶላ የግድ አይደለም፣ ከላይ 3 ሳንቲ የሚሆን ስንጥቅ ብቻ ለጥፉ፣ እሱን አይታ ቀጥ አርጋ ትወርዳለች፣ ቀፎው ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ።

ቀለም በውጭ ብቻ፣ ነጭ ወይ ቀላ ያለ ቢጫ የመሰለ ፈዛዛ ነገር። ውስጡ ምንም አይነካው፣ ፍሬሙም፣ መግቢያውም ከውስጥ በኩል። የኔ ቫርኒሽ የተቀባ ቀፎ ውስጡ ሁላ ተቀብቶ ነበር፣ ንቡ እንዴት እንደተቀመጠልኝ እስካሁን ይገርመኛል። ቀለሙ ከደረቀም በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ክዳኑን ከፍታችሁ አናፍሱት። የተቃጠለ ዘይት ሳጥኑን የሚቀባ ሰው አይቻለሁ፣ ምስጥ ይከላከላል ብሎ፣ ኧረ ማራችሁ ውስጥ እሱን አትፈልጉም፣ ለእግሩ ይሁን።

የእግሩን ነገር ካነሳሁ፣ ጉንዳን። ጅማ ላይ ከሌባውም ከአውሬውም የበለጠ ቀፎ ባዶ የሚያደርገው ጉንዳን ነው፣ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፣ ጠዋት ሄዳችሁ የምታገኙት ዝም ያለ ሳጥን ነው። መቆሚያው አራት እግር ከሞራሌ፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ገደማ፣ ከዛ ዝቅ ካለ ትጎብጣላችሁ ከዛ ከፍ ካለ ሙሉ የማር ሳጥን ማውረድ አትችሉም። እያንዳንዱ እግር የቲማቲም ድልህ ወይ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይቁም፣ ጣሳው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት። እዚህ ላይ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ፣ እድሜ ልካቸውን ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀሉ ሰው፣ መጥተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የደረቅ አገር ነው፣ የኛ ዝናብ ጣሳህን ይሞላዋል፣ ዘይቱ ተንሳፍፎ ይፈሳል፣ ጉንዳኑ በውሃው ላይ በቅጠል ይሻገራል» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ግንቦት ላይ ጣሳዎቹ ዝናብ ሞልቷቸው ዘይቱ ሣሩን አጥቁሮት አገኘሁት። አሁን እግሩ ላይ ከጣሳው በላይ ከአሮጌ ላሜራ የተቆረጠ ክብ ባርኔጣ መትቻለሁ፣ ጣሳውን ከዝናብ ይጋርደዋል፣ ንብም ዘይቱ ውስጥ አትወድቅም። ከዛ ስሩ ያለውን ሣር በየሁለት ሳምንቱ ማጨድ፣ አንድ ሣር ቀፎውን ከነካ ድልድይ ነው። የቡና ቅርንጫፍም እንደዛው፣ ቁረጡት። በእግሩ ዙሪያ አመድ መበተንም ይረዳል፣ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር መድገም ነው።

ቦታው፣ መግቢያው ወደ ፀሐይ መውጫ ይዙር፣ ጠዋት ቶሎ ይነሳሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ጥላ ያግኝ፣ የቡና ጥላ ዛፍ ስር ቆንጆ ነው። ከቤት፣ ከከብት ማሰሪያና ከሰው መንገድ ራቅ ይበል፣ በተለይ የታሰረ በቅሎ ወይ አህያ ማምለጥ ስለማይችል ይሞትባችኋል፣ ቀልድ አይደለም። በቀፎና ቀፎ መሀል 2 ወይ 3 ሜትር ይኑር፣ አንዱን ስትከፍቱ ሌላው እንዳይነሳባችሁ። ቀፎው ወደ ፊት ትንሽ፣ አንድ ሁለት ሳንቲ፣ ይዘንበል፣ ውሃ ከገባ በመግቢያው ይወጣል። ግራና ቀኝ ግን እኩል መሆን አለበት፣ እንጀራ ተንጠልጥሎ ነው የሚሰራው፣ ሳጥኑ ወደ ጎን ካዘመመ እንጀራው ከፍሬሙ ይወጣል። ውሃ ልክ የሌለው ግማሽ ጠርሙስ ውሃ አጋድሞ ይየው። ደግሞ ከጎናችሁ ጫት የሚያለማ ጎረቤት ካለ ሄዳችሁ አውሩት፣ መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን ይንገራችሁ፣ ማታ ቢረጭላችሁ ደግሞ የበለጠ። ሰው ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ ማር ስትቆርጡ አንድ ሳህን ይላክለት።

ንብ ለማስገባት ባዶውን ቀፎ ውስጡን በንጹህ ሰም አሹት፣ በወይራ እጠኑት፣ አራት አምስት ፍሬም ሰም የተለጠፈበት ይግባና ጫካ ጠርዝ ላይ ይቆይ፣ ወይ ደግሞ ባህላዊ ቀፎ ከነንቡ ገዝታችሁ አዛውሩ። ማዛወሩ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩት። እጭ ያለበትን እንጀራ በፍሬሙ ልክ ቆርጣችሁ በጥጥ ክር ታስሩታላችሁ፣ ከራሱ ጋ ሲያያይዙት ክሩን ራሳቸው በልተው ያወጡታል። ማር ያለበትን አትሰሩ፣ ይከብዳል ይወድቃል።

ከዛ ተዋቸው። ሦስት ቀን መግቢያው ጋ ቆማችሁ ብቻ እዩ፣ እግራቸው ላይ ቢጫ ጽጌ ይዘው የሚገቡ ካሉ ንግሥቷ አለች ብላችሁ ተስፋ አርጉ። ሳምንት አስር ቀን ሲሞላ አንድ ፍሬም ብቻ ከዳር አንሱ፣ ዳር ያለው ቀለል ያለ ነው፣ እሱ ሲወጣ ለሌሎቹ መንቀሳቀሻ ይኖራል፣ መሀሉን መጀመሪያ መሳብ ንግሥቷን መጨፍለቅ ነው። ፍሬሙ በሁለት ጣት ከተነሳ አናጢው ጋ ደውላችሁ አመስግኑት።

ሁለተኛውን ሳጥን ለመጫን አትቸኩሉ። ከ10 ፍሬም 7 ወይ 8ቱ ተሰርቶ ንብ ሲሸፍነው ነው የሚጨመረው፣ ቀድሞ ከተጨመረ ባዶው ቤት ይበርዳቸዋል፣ የሰም ብልም ሰው የማይጠብቀው እንጀራ ውስጥ ይገባል። ስትጭኑ ያቺን 8 ሚሊ ቁራጭ እንጨት በሁለቱ ሳጥን ፍሬሞች መሀል ሞክሯት። ካላለፈች ሳጥኑ ደርቆ አጥሯል ማለት ነው፣ ከላይኛው ሳጥን ስር ዙሪያውን የጎደለውን ሚሊ የሚሞላ ስስ እንጨት ኮላ አርጋችሁ ምቱበት፣ ማር ሳይገባበት አሁኑኑ፣ ምክንያቱም የሞላ ሳጥን ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፣ ያኔ ለጥገና የሚያነሳው ሰው ከየት ታመጣላችሁ።